ከእትዬ ዳሌ የወጣው ብረት

ይሄ በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ስቄ ነበር የማልፈው...

እሑድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ቤቱ ጭር ብሏል።

ሥራዬ ሰው አካል ውስጥ የሚገቡ የቲታኒየም ብረቶችን በሴራሚክ ዱቄት መሸፈን ነው። አጥንት ባዶ ብረትን ባዕድ ይለዋል። ሴራሚኩን ግን የራሱ ወገን ይመስለዋል... ያድግበታል፣ ሙጭጭ ይልበታል።

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ዳሌዋ ሲሰበር የገባላትን ብረት የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷም ሳታገባ፣ እኔም ሳላገባ አብረን አረጀን።

ስትሞት ሐኪሟ ብረቱን አውጥቶ፣ አጥቦ ሰጠኝ።

"'ለወንድሜ ስጥልኝ፣ አደራ' ብላኛለች" አለኝ።

ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኩት።

አንድ ቀን ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። አቧራ መሰለኝ። በጨርቅ ብጠርገው... አልለቅም አለ።

በቢላ ፋቅኩት።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ወፍሮ።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ።

"ዶክተር... ብረቱ አጥንት እያበቀለ ነው።"

እሱም ቀስ ብሎ፣

"ከሰውነት ከወጣ በኋላ አያበቅልም። ሐዘኑ ነው። እስቲ ዘመድ ቤት ይክረሙ።"

የቱ ዘመድ? ዘመዴ እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ መፋቁን ተውኩት። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ "እንዴት ዋልሽ?" ማለትም ጀመርኩ።

ያን እሑድ ብረቱን እንደያዝኩ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። እኔን ብርድ ብርድ ይለኛል። ብረቱ ግን... ይሞቃል።

እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ስነቃ መዳፌ ከብረቱ አልላቀቅ አለ። ብጎትተው ቆዳዬ አብሮ ተሳበ።

አያምም። ደምም የለም።

እጄን በፎጣ ጠቅልዬ ሆስፒታል ሄድኩ። ራጅ ክፍል አስገቡኝ። የራጅ ባለሙያዋ በሩን ዘግታ ከመስታወቱ ወዲያ ቆመች። አነሳችኝ።

ብዙ ቆየች።

ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አስገባች።

"ጋሼ... አብሮዎት የገባ ሰው አለ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ምነው?"

ጠርታ ስክሪኑን አሳየችኝ።

ብረቱ መሃል ላይ ይታያል። ዙሪያውን የእኔ ጣቶች አሉ። በእነሱ መሃል ለመሃል ደግሞ... ቀጠን ያሉ፣ የእኔ ያልሆኑ አምስት ጣቶች።

"ተንቀሳቅሰው ይሆናል" አለች በሹክሹክታ። "ልድገመው።"

ደገመችው።

በሁለተኛው ፎቶ ጣቶቹ እጄን ጨብጠው ነበር።