የድንጋዩ ራስ ወዴት ነበር?

አባቷ ረፋዱ ላይ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር በአፍጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። አሮጌዋ የእጅ ባትሪያቸው ከጎናቸው ወድቃለች። ማብሪያዋ ወደ ፊት ተገፍቷል፤ ብርሃን ግን የላትም። የእንጀራ እናቷ ሲጮሁ መጀመሪያ የደረሱት በጓሮው ክፍል የሚኖሩት አጎቷ ነበሩ፤ ፍርዱንም የሰጡት እሳቸው ናቸው።

«መሃል ደረጃ ላይ ባትሪው ከዳው! አዲስ ድንጋይ ቢገዛ ምን ነበረበት ወንድም ዓለሜ!»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ባትሪዋ ላይ ቀረ። ሥራዋ ስልክ ጥገና ነው። ያቺን ባትሪ ሐሙስ ማታ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፈትታ ቢጫውን አምፖል አውጥታ፣ በአምፖሉ የነሐስ ቂጥ ላይ ኤልኢዲ የሚባለውን ነጭ መብራት በይዳ የመለሰቻት እሷ ነበረች። የሰለለውንም ሞላ ቀይራለች። አባቷ እንደ ሕፃን ተደስተው «ፀሐይ አስገባሽልኝ» ብለዋት ነበር። አሁን ያ ብየዳ ለቆ ከሆነ አባቷን የገደለችው እሷ ናት ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ እንደ ትኩስ ድንች በአፏ ይዛው ዋለች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የፖሊስ መርማሪ መጣች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የገባችበትም ቀዳዳ አይታይም። ደረጃውን ወጥታ ወረደች፣ የራሷን ትልቅ መብራት ይዛ ምድር ቤቱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች፤ ስትወጣ እጇ አቧራ በአቧራ ሆኖ ነበር። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

መርፌ አልደነገጠችም። «በምን?»

«በብየዳ።»

ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት። መርፌ ከከረጢቷ ባትሪዋን አውጥታ የኋላ ክዳኗን ፈታች። «ሳትነኪ ተመልከቺ። የድንጋዮቹ ራስ ወዴት ነው?»

ልጅቷ አጎንብሳ አየች። «ወደ ኋላ… እንዴ! እኔ እንዲህ አላስገባሁም። አምፖል ኤሌክትሪኩ በየትኛውም በኩል ቢመጣለት ይበራል፣ ኤልኢዲ ግን መንገድ ይመርጣል። አባዬ እንዳይሳሳቱ ብዬ በየድንጋዩ ራስ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጌያለሁ። እነዚህ ነጥብም የላቸውም፤ ሐሙስ አውጥቼ በአዲስ የተካኋቸው አሮጌዎቹ ናቸው።»

«ባትሪዋን ካደስሽላቸው በኋላ አባትሽ ምን አደረጉ?»

«በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ቀስ ብለው ይዘዋት ምድር ቤት ወረዱ። ቆይተው ሲወጡ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ራትም አልበሉ። ‹አባዬ ምን አዩ?› ብላቸው ‹ሳላየው የኖርኩትን› አሉኝ።»

«በይ እስክጠራሽ ሰምተሽ እንዳልሰማሽ ሁኚ።»

ልጅቷ የሳሎኑ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሌሎቹ ሲጠየቁ ሰማች። ልቧ አልተረጋጋም፤ ባትሪዋን ማን እንደነካካት ካልታወቀ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ በእሷ ላይ መቅረቱ አይደል?

በግቢው አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ሰዓት ሠሪ ቀደመ። «ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አለችው መርፌ።

«አልዋሽም፣ ክፍሉን ልቀቅ ብለውኝ ተኳርፈናል። ግን በሰው ባትሪ ምን ቤት ነኝ? ነክቻትም አላውቅ።»

«እስቲ የኔን ይሙሉልኝ፤ እጄ ደክሟል።» የራሷን ባዶ ባትሪና ሦስት ድንጋይ ሰጠችው። እያወራ፣ ሳያይ፣ ሦስቱንም ራሳቸውን ወደ ፊት አስገባ። መርፌ አመስግና ሸኘችው።

የእንጀራ እናቷ ግን ያንኑ ሲታዘዙ ድንጋዩን ይዘው ቆም አሉ። «በዚህ ቤት እኮ ራሱን ወደ ኋላ ነበር የምናደርገው። ሞላው ከሰለለ ጀምሮ ሁለቱ ወንድማማቾች ያመጡት ዘዴ ነው፤ ሃያ ዓመት ሆነው። ሐሙስ ልጅቷ አስቀየረችን። ሰውዬውማ ባይኔ ላይ አብርቶብኝ ዓይኔን ሊያጠፋው ነበር!»

«ወንድምየውስ አዩት?»

«ሐሙስ ማታ ተረኛ ነበሩ፤ የኬብል ፋብሪካ ንብረት ክፍል ኃላፊ አይደሉ? ትናንት ግን እዚህ መጥተው ሁለቱ ሲነጋገሩ ‹እስከ ሰኞ ራስህ ተናገር፣ አለበለዚያ እኔ እናገራለሁ› ሲላቸው ሰምቻለሁ። ምኑን እንደሆነ እንጃ። በወንድማማች መካከል ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ተውኩት።»

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። አጎቷ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። መርፌ የሟቹን ባትሪና በውስጧ የተገኙትን ሦስት ድንጋዮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና ወደ እሳቸው ገፋቻቸው።

«ወንድምዎ እንደሚያደርጉት ያስገቡልኝ።»

አጎቷ ተክዘው፣ እንደለመዱት፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ አድርገው አስገቡ። ማብሪያውን ገፉ። ጨለማ ነው። «ይኸው» አሉ፤ «የሞተ ድንጋይ። ይሄው ነው ወንድሜን የበላው።»

«ይስጡኝ።» መርፌ ድንጋዮቹን አውጥታ ገለበጠቻቸው፤ ራሳቸው ወደ ፊት ሆነ። ማብሪያውን ስትገፋ ነጭ ብርሃን አጎቷ ፊት ላይ ወረደ። ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

ልጅቷ አለቀሰች። በርታለች። ብየዳው አልለቀቀም።

«አዩ» አለች መርፌ ረጋ ብላ፤ «ቢጫውን አምፖል የማያበራ የደከመ ድንጋይ ለዚህ ይበቃዋል። አልሞቱም፤ ተገልብጠው ነው። ስለዚህ ይህች ባትሪ ዛሬ አንዴም አልበራችም። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ደግሞ ባትሪው ካልበራለት ይመለሳል እንጂ ወደ ጨለማ አይወርድም። ከላይኛው ደረጃ ላይ ቆመው ማብሪያውን ሲነካኩ ከኋላቸው የገፋቸው ሰው አለ። ያ ሰው በጠዋት አዲሶቹን አውጥቶ አሮጌዎቹን አስገብቷል፤ ኋላ ‹ባትሪው ከዳው› እንዲባል።»

«ማንም ሊያደርገው ይችላል!» አሉ አጎቷ።

«አይችልም። ሰዓት ሠሪው የቤቱን ዘዴ አያውቅም፤ እሱ ቢሆን ራሳቸው ወደ ፊት ይሆን ነበር። ልጅቷና ወይዘሮዋ አዲሱን መብራት ያውቃሉ፤ እነሱም ወደ ፊት ነው የሚያስገቡት። ወደ ኋላ የሚያስገባ፣ የድሮውን ዘዴ የሚያውቅ አዲሱን ግን ያላየ ሰው ብቻ ነው። አሁን ዓይናችን እያየ አስገቡት።»

«ልማድ ነው! ልማድ ይፈረድበታል?»

«ምድር ቤቱ ጥግ፣ ከበርሜሎቹ በስተጀርባ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅልስ? የፋብሪካችሁ ማኅተም አለበት። እሱ ጠፋ ተብሎ የመጋዘኑ ዘበኛ ታስሮ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ወንድምዎ ሐሙስ ማታ ያዩት እሱን ነው። በሉ በካፖርትዎ ኪስ ያለውን ያውጡ፤ ንብረት ክፍል ያረጀ ሰው ደህና ድንጋይ አይጥልም።»

አጎቷ አልተንቀሳቀሱም። መርፌ በሩ ላይ ያቆመችው ፖሊስ ኪሳቸው ውስጥ እጁን ከተተና ሦስት ድንጋይ አወጣ። በየራሳቸው ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

ልጅቷ ሰውየውን አተኩራ አየችው፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ አንቱ ብላውም ጋሼ ብላውም አታውቅም። እሱ ግን መርፌን ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

«እዚያ ጥግ ሃያ ዓመት ምንም ታይቶ አያውቅም» አለ። «‹እንዴት አየህ?› ብዬ ብጠይቀው ‹አልነግርህም› አለኝ። ለካ አንቺ ነሽ። አርፈሽ ብትቀመጪ ኖሮ አባትሽ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ቃሉ ደረቷ ላይ አረፈ። ከአንዱ ጥፋት ወጥታ ሌላ ውስጥ የገባች መሰላት።

«ስሚኝ» አለቻት መርፌ፤ «አባትሽ ካዩ በኋላ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ስለ ታሰረው ዘበኛ ብለው ዝም አላሉም። አንቺ የሰጠሻቸው መብራት ነው፤ የገደላቸው እጅ ነው።» ከዚያ ባትሪዋን ዘረጋችላት። «ፖሊሶቼ ሽቦውን ሊያወጡ ነው፤ እታች አምፖል የለም። ታበሪላቸዋለሽ?»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተቀበለቻት። የላይኛው ደረጃ ላይ አንድ ጊዜ ቆመች፤ ከዚያ መደገፊያውን ይዛ ወረደች። አባቷ የወደቁበት ቦታ ቆማ ብርሃኑን ወደ ጥጉ አዞረች። የመጨረሻው ጥቅል እስኪወጣ ድረስ ብርሃኑን ከጥጉ አላነሳችም።