አዲሱ ኮምፒውተር እስኪመጣ

ሰውየው ኮምፒውተር ሻጭ ነው፤ ግን «አትግዙ» ማለት ይወዳል። የሱቁ ባለቤት የሆነችውን ታላቅ እህቱን በዚህ አመሉ ጨጓራዋን ይልጣታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ጥልፍ ሠሪ ቀሚሷ ላይ ቀይ ክር እንደተለጠፈ ስትገባ ልቡ ድንግጥ አለ። ያም ሆኖ አመሉ አልለቀቀውም።

«ይሄን ልገዛ ነው» አለች መደርደሪያው ላይ ያለውን እያሳየችው። «የድሮው ኮምፒውተሬ ንድፍ ስሠራበት እየጠፋ አስቸገረኝ። የጥልፍ ማሽኔን የሚያዘው እሱ ነው። እሱ ቆመ ማለት ሥራዬ ቆመ ማለት ነው።»

«አይግዙ» አላት።

«ምነው፣ የተበላሸ ነው?»

«ኧረ ደህና ነው። ግን አምራቹ ፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ከሥር ከመሠረቱ ሊቀይረው ነው። አዲሱ ፈጣን ነው፣ አይግልም። አሁን ቢገዙ በኋላ ይቆጭዎታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም?»

ሳቀች። «ደንበኛ የሚያባርር ሻጭ ገና ዛሬ አየሁ። ደግሞ አንቺ በለኝ፤ እናትህን አላክልም።»

ከዚያ ወዲህ መመላለስ ጀመረች። በሩ ላይ ቆማ «አዲሱ መጣ?» ትለዋለች። «ገና ነው» ይላታል፤ ወንበርም ይስብላታል። እሷ ስለ ማሽኗ ጫጫታ፣ እሱ ስለ ነዝናዛ ደንበኞቹ ሲያወሩ የምሳ ሰዓት ያልፋል። እሱማ አዲሱ እስከነጭራሹ ባይመጣ ደስታው ነበር።

እህቱ ሁሉን ታያለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለዋለች።

«ኮምፒውተሩን ነው፣ እትዬ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

አንድ ቀን ጥልፍ ሠሪዋ ወለል ወለሉን እያየች ጠየቀችው። «አዲሱ ከመጣ... እዚህ መመላለሴ ሊቀር ነው?»

ምን ማለት እንደነበረበት እናንተም ታውቃላችሁ። እሱ ግን «አትጨነቂ፣ መድከም የለብሽም። ቤትሽ ድረስ በሰው እንልክልሻለን» አላት።

ቦርሳዋን አነሳች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። በሳምንቱ አልመጣችም፤ በቀጣዩም አልመጣችም።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?»

«ምንም አላደረግህም። ጥፋትህ እሱ ነው» አለችው።

ሲዘንብ በዋለ አንድ ቀን፣ አምራቹ የላከውን ማስታወቂያ ሲያነብ ደነገጠ። ለድሮው ፕሮሰሰር የተሠሩ ፕሮግራሞች እንደገና ካልተሠሩ በአዲሱ ላይ አይከፈቱም ይላል። የእሷን የጥልፍ ፕሮግራም የሠራው ድርጅት ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ራሷ ነግራዋለች። ለካ የሚበጃት ያኔውኑ መግዛት ነበር! ይሄኔ ኮምፒውተሯ ሞቶ፣ ሥራዋ ቆሞ ነው የቀረችው፤ ያስቆምኳትም እኔው ነኝ ብሎ አሰበ። መደርደሪያው ላይ የቀረችውን አንዲት ኮምፒውተር በጃኬቱ ጠቅልሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ቤቷን በጨዋታ መሃል ነግራው ነበርና፣ የሥራ ክፍሏ ውስጥ ዘው ብሎ ሲገባ ማሽኑ እየሠራ መሆኑን እንኳ ልብ አላለም።

«ተሳስቻለሁ» አላት እያለከለከ። «ይሄን ውሰጂ። አዲሱ ፕሮግራምሽን አይከፍትም። ጠብቂ ብዬ ሥራሽን ገደልኩት። ብትጠዪኝም እውነትሽን ነው።»

ጠረጴዛዋን አሳየችው። ልክ እሱ ያቀፈው ዓይነት ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ ቁልፎቹ መሃል ክር ገብቷል።

«መቼ ገዛሽ?»

«መጀመሪያ በመጣሁ ማግስት። አንተ ምሳ ወጥተህ ነበር። እህትህ ናት የሸጠችልኝ፤ ለሱ እንዳትነግሪው ብላ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ አዲሱ መጣ ወይ እያልሽ...»

«አዲሱ ምን ያደርግልኛል? የምመጣው አንተን ለማየት ነበር።» ከቁልፎቹ መሃል ክሩን መዘዘች። «በሰው እንልክልሻለን ስትለኝ፣ ብመጣም ባልመጣም ለሱ ያው ነው ብዬ አለቀስኩ።»

ያቀፈውን ኮምፒውተር ከእሷው አጠገብ አስቀመጠ።

«ያው አይደለም» አላት። «በሩ በተከፈተ ቁጥር አንቺ እየመሰልሽኝ ቀና እላለሁ። እወድሻለሁ። አግቢኝ።»

«አሁኑኑ ልመልስልህ ወይስ የተሻለ እስኪመጣ ልጠብቅ?»

አሰበ። ሐቀኛ ሻጭ ነዋ። «የተሻለ ይመጣ ይሆናል» አላት። «ግን አትጠብቂ።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ እጁን ያዘችው። «እሺ» አለችው።

ስልኩ ጮኸ። እህቱ ነበረች። «ደንበኛ ገትረህብኛል! ኮምፒውተሬን የት ይዘኸው ሄድክ?»

«እትዬ... እሺ አለችኝ።»

እህቱ አፍንጫዋን ስትምግ ተሰማው። «ደንበኛው ነገ ይምጣ» አለች። «ይዘሃት ና።»

ጥልፍ ሠሪዋ ማሽኗን የሚጠልፈው አበባ ግማሽ ላይ እንዳለ አጠፋችና ጃንጥላዋን አነሳች።