ስህተቱን ዝም ያሰኘው ሰው

ማንማያ ታማንግ የሞተችው ወልዳ ነው። ሴት ልጇን አንዴ አቅፋታለች። ከዚያ ደም ይፈሳት ጀመር፤ ደም ተሰጣት፤ የተሰጣት ደም ገደላት። የእሷ ዓይነት አልነበረም።

የፖሊስ ኢንስፔክተር ያሙና በኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ውስጥ ወዳለው የግል ሆስፒታል ስትደርስ፣ ባልየው ፉርባ ሕፃኗን ታቅፎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አላለቀሰም። መንገድ ለቀቀላት፣ በቃ።

መጀመሪያ የተያዘችው የሚሰጠውን ደም ያወጣችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች።

"ሳትመረምሪ ሰጠሽ?"

"እያየኋት እየሞተች'ኮ ነበር! ለምርመራ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። በእርግዝናዋ ጊዜ ተመርምራ ተመዝግቧል፤ ኮምፒውተሩ ያለውን ሰጠሁ።"

ያሙና የክትትል ካርዱን አስመጣች። ካርዱ "ኦ" ይላል። ኮምፒውተሩ ያሳየው ግን "ኤ" ነበር። "ኤ" ደግሞ ከማንማያ ቀድማ የታየች የሌላ በሽተኛ የደም ዓይነት ነው። ያሙና የላቦራቶሪ ባለሙያዋን አስፈታቻት።

የሆስፒታሉን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራው አጎራባች ከተማ ላሊትፑር ያለ ትንሽ ድርጅት ነው። እዚያ ማንኛውም ለውጥ ከለዋጩ ስምና ከቀኑ ጋር ይቀመጣል። በመጨረሻው ለውጥ ላይ ያለው ስም ሱቦድ ነው።

ሱቦድ ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሰ የድርጅቱ ወጣት ሠራተኛ ነው። የተላጨው ፀጉሩ ገና እየበቀለ ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር አሳያት፤ ትርጉሟን ነገራት፦

*ስህተት ከተፈጠረ፣ ዝም ብለህ እለፍ።*

"የበሽተኛው መዝገብ አልነበብ ሲል ፕሮግራሙ ቆሞ ቀይ ማስጠንቀቂያ ማሳየት ነበረበት" አለ። "ይህቺ መስመር አፉን ዘጋችው። የፊተኛዋ በሽተኛ የደም ዓይነት እዚያው እንደተጻፈ ቀረ።"

"አንተ ነህ የጻፍካት?"

"ስሜ አለበት።"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

ሱቦድ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ያሙና ነጩን የኀዘን ልብሱን አየች። "ለማን ነው?"

"ለአባቴ።"

"መቼ አረፉ?"

ነገራት። ያሙና ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀን መልሳ አነበበች።

"በዚያ ሳምንት ኀዘን ተቀምጠህ ነበር። እንደ ወጋችን፣ ሰው እንኳ እንዳይነካህ ለብቻህ። ኮምፒውተር በየት በኩል ነካህ? የይለፍ ቃልህን ለማን ሰጠህ?"

"ተዪው፣ ዲዲ" አላት፤ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው። "ወንድም የለኝም። የአባቴን ቃሬዛ አብሮኝ የተሸከመው እሱ ነው።"

"የማንማያንስ ማን እንደተሸከመ ታውቃለህ?"

ሱቦድ አንገቱን ደፋ።

በሩ ላይ የድርጅቱ ባለቤት ኬሻብ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል።

"ልጁን ይተዉት። እኔ ነኝ።"

"ለምን አደረጉት?"

"የሌሎች ሆስፒታሎች ኃላፊዎች ሥራችንን ሊያዩ መጡ። ያ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሊያሳርፈን አልቻለም፤ በየደቂቃው ብቅ ይላል። የተበላሸ ዕቃ ልንሸጥላቸው ያሰብን መሰለ። ኢንተርኔት ላይ አጭር ማስተካከያ አገኘሁ፤ ገልብጬ ለጠፍኩት። ለዚያች ቀን ብቻ ብዬ።"

"በማግስቱስ ለምን አላነሱትም?"

"አልጮኸማ!" ኬሻብ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። "ስላልጮኸ ረሳሁት።"

"በሱቦድ ስም ለምን?"

"ሥራው እንዳይቆም ብሎ በሰጠኝ የይለፍ ቃል ነው የገባሁት። ያኔ ክፋት አላሰብኩም። ሴትየዋ ስትሞት ግን ስሙን አየሁና... ዝም አልኩ።"

ይህን ዝምታ ያሙና ይቅር ልትለው አልቻለችም። ኬሻብን ይዛው ወጣች። ሱቦድ ተቀምጦ መስመሯን ቀየራት፦

*ስህተት ከተፈጠረ፣ ቁም፤ ተናገር።*

ለፉርባ የመንገር ዕዳ የያሙና ነበር። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰማት።

"ማሽኑ አላወቀም ማለት ነው?" አለ።

"አውቆ ነበር፣ ወንድሜ። እንዳይናገር ነው የተደረገው።"

ፉርባ የሴት ልጁን ፊት አየ። ከዚያ የሕፃኗን እጅ ከጨርቁ አወጣና ወደ ላቦራቶሪው በር ተራመደ።

"የእሷን ደም አሁን መርምሩልኝ" አለ። "እኔ ቆሜ እያየሁ።"