የሐሙስ ሙቀት

ባልቴቷ የሞቱት በበጋ ቀሚስ ነው። ቤቱ ግን እንደ ጉድጓድ ይበርድ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ደረጃው ሥር ቆማ መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው። ሌላውንማ ማንም ያየዋል፦ የተሰበረው አንገት፣ አንዱ እግር ላይ የቀረው ነጠላ ጫማ፣ ሲሳብ ራሱን የሚቆልፈው የውጭ በር፣ ያልተነካው መስኮት። ቀሚሱ ግን ስስ ነው፤ እጅጌውም አጭር። ጆሯቸው ላይ ጉትቻ አለ። ሳጅኑ በተናገረ ቁጥር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል።

«ወድቀው ነው» አለ ሳጅኑ እጆቹን እያፋተገ። «አሮጊት፣ ደረጃ፣ ነጠላ ጫማ። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ኮት ይፈለጋል» አለች።

በመሥሪያ ቤት «መርፌ» ይሏታል። ለምን ብላ ስትጠይቅ ስለቀጠነች እንደሆነ ይነግሯታል። እሷም ያመነች ትመስላለች፤ ሰው ሲዋሻት ዝም ማለት የሥራዋ ግማሽ ነው።

ኮቱን ፎቅ ላይ አገኘችው። አልጋው ጫፍ ላይ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ከላዩ ወፍራም ካልሲ። ከመኝታ ቤቱ ፊት ለፊት ሌላ ትንሽ ክፍል አለ። አልጋው አዲስ አንሶላ ለብሷል፣ ግን አልተተኛበትም።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ሐኪሙ ክንዳቸው ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ‹ትግል ነበር› ብሏል። የሞቱት ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ቁልፍ ያላት ተመላላሽ ሠራተኛዋ ብቻ ናት። ረቡዕ ዕለት ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል። እንግዳ ደግሞ አይጠብቁም ነበር፤ ዘመዶቹ ሁሉ ‹አልሄድንም› ብለዋል። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እስከ ነገ ማታ።»

«ነገ ማታ ሌላ ስም ካላመጣሽልኝ ሴትየዋን አስገባታለሁ።»

ሠራተኛዋ አስከሬኑን ካገኘች ጀምሮ ከወጥ ቤቱ አልወጣችም። በኮቷ ተሸፋፍና በርጩማ ላይ ተኮራምታለች።

«ረቡዕ ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለች መርፌ፣ ሌላ በርጩማ ስባ።

«ብርድ ነዋ!» አለች ሴትየዋ። «እኔ በኮት ነው ወለል የምወለውለው። እትዬም በኮታቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ቁጭ። ‹ማሞቂያ እያለ ምን በወጣን?› አልኳቸው። ‹ደርበሽ ልበሺ› አሉኝ። ጮህኩ። አዎ፣ ጮህኩ! ጮኸች ማለት ገደለች ማለት ነው እንዴ?»

«ማሞቂያው ተበላሽቶ ይሆን?»

«ኧረ ሰኞ ነው የታደሰው! ድሮ ቁጥር የሌለው ክብ ማዞሪያ ነበር፤ ባለሙያው እሱን ነቅሎ ያንን ነጩን ሰቀለ። ቴርሞስታት ነው ያለው። ቀኑንና ሰዓቱን አንዴ ይነግሩታል፣ ከዚያ ራሱ እያወቀ ያሞቃል። ሲያሞቅ ቁጥሩ ቀይ ይሆናል አለ፤ እኔ ግን ሲቀላ አላየሁትም። እትዬ መነጽራቸውን ሰክተው እሱ ፊት ተገትረው ዋሉ። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ነው የሠሩት፤ ቁጥር ይወዳሉ።»

«ሐሙስስ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሁድ እዚህ አልመጣም። ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ያየኝ ሰው የለም።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እውነት ይወስዱኛል? ሁለት ልጆች አሉኝ። አባት የላቸውም። እኔ ከገባሁ ለማን ነው የምተዋቸው?»

መርፌ ቃል መስጠት አትወድም። አልሰጠችም።

የባልቴቷ ባል እህት ወፍራም፣ ቀይ፣ ወሬ የማይሰለቻቸው ሴትዮ ናቸው። በቀዝቃዛው ቀን ሳሎናቸው ውስጥ በጋዜጣ እያራገቡ ተቀበሏት።

«እኔ ሙቀት አልችልም ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ወንድሜ ከሞተ በኋላ እንኳ እሷ ቤት ደስ እያለኝ የምሄደው ለዚህ ነበር። ቀዝቀዝ ያለ፣ ንጹሕ አየር! አንድ ቀን አልሞቀኝም።»

«ሲቀበሉዎት ኮት ለብሰው ነበር?»

«ኮት? ምን ኮት አመጣው! ስስ ሹራብ ናት።»

«መቼ ነው የሄዱት?»

«እሁድ እሁድ ነበር…» ጋዜጣው ቆመ። «ከዚያ አንዱ ነገር፣ ሌላው ነገር። ያው ታውቂዋለሽ።»

«አላውቀውም» አለች መርፌ፣ ተነሥታ።

ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ከባልቴቷ ጋር ማክሰኞ ማክሰኞ ዳማ ይጫወታሉ።

«ቤታቸው?» አሉ ትከሻቸውን ነቅንቀው። «ልክ ነው። አይሞቅ፣ አይበርድ። ባለፈው ማክሰኞማ ዳማውን ትተን ያችን አዲስ ዕቃ ስናጠና ዋልን። ‹በየሳምንቱ እንዲደግመው የማደርገው እንዴት ነው?› አሉኝ። አሳየኋቸው፤ ዞሮ ዞሮ ሰዓት ናት። ቀኖቹን ሲሞሉ ግን ጀርባቸውን ሰጡኝ። እንደ ሚስጥር።»

«ረቡዕ ጩኸት ሰምቻለሁ ብለዋል።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ሰማሁ። ስለተጠየቅኩ ነው የተናገርኩት። ያቺ ልጅ ክፉ ሰው አይደለችም።»

ቅዳሜ ጠዋት መርፌ ከሳጅኑ ጋር ወደ ሥጋ ማቀዝቀዣው ሄደች። የባልቴቷ የእህት ልጅ እዚያ ነው የሚሠራው። ባልቴቷ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው ያሳደጉት። ጓደኞቹ «በረዶ» ይሉታል። ከከባዱ የብረት በር ሲወጣ ጃኬቱ ላይ አመዳይ ነበር። ዓይኖቹ ደረቅ ናቸው። ሠራተኛዋ ልትታሰር መሆኑን መርፌ ስትነግረው ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«በጋው ከወጣ ወዲህ አላየኋትም» አለ። «ሥራ ነው። አልፎ አልፎ እደውላለሁ።»

«ሐሙስ ዕረፍትህ ነበር?»

«ነበር። ተኝቼ ዋልኩ።»

መርፌ ትከሻዋን ሰበቀች። «ውይ፣ የዚህ ቦታ ብርድ! የአክስትህም ቤት እንዲሁ ነው።»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «የአክስቴ ቤት? ምድጃ ነው እንጂ! እኔ እዚህ ከታረደ በሬ ጋር ስቀዘቅዝ ውዬ እዚያ ስገባ መጀመሪያ ጃኬቴን ነው የማወልቀው። ሃያ ስድስት ላይ ትሰቅለዋለች እኮ! ቀዩ ቁጥር ዓይን ይወጋል።»

መርፌ አመስግና ጨበጠችው። እጁ በቅዝቃዜው ከብረቱ በር አይለይም።

«አራት ሰው፣ አንድ ቤት፣ አራት አየር» አለ ሳጅኑ መኪናው ውስጥ። «አንዱ ይዋሻል።»

«ስለ ብርዱ የዋሸ የለም» አለችው።

ባልቴቷ ቤት ሲደርሱ መነጽሯን አውጥታ ነጩ ዕቃ ፊት ቆመች፤ ባልቴቷ በቆሙበት። ቁልፉን ተጫነች፣ ቀኖቹ አንድ በአንድ መጡ። ሰኞ አሥራ አራት ዲግሪ። ረቡዕም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም ያው አሥራ አራት። ማክሰኞ፣ እሁድና ሐሙስ ላይ ሲደርስ ግን ቁጥሩ ተለወጠ። እያንዳንዱ ሥር «በየሳምንቱ» የሚል ምልክት አለ።

እሷ ቤት ያለው ማሞቂያ ከገባችበት ቀን ጀምሮ አንድ ቁጥር ላይ ነው። የሚለወጥበት ምክንያት ኖሮ አያውቅም። ይህን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልብ አላለችውም ነበር፤ ልብ በማለቷም ደስ አላላትም። ወደ ሐሙስ ተመልሳ ቁጥሩን አየች፣ ያንኑ ቁጥር ለዛሬ በእጅ አስገባችና ሳጅኑን «ሁሉንም ጥራልኝ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ኧረ በእግዚአብሔር!» አሉ የባል እህት ገና ከበሩ። «ቤቱ ተቃጠለ እንዴ? መስኮት ክፈቱ!» ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ሰዓት ጠጋኙ ሻርፓቸውን ፈቱ። ሠራተኛዋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በዚያ ቤት አንድም ቀን ያልፈታችውን የኮቷን ቁልፍ ፈታች። በረዶ ግን ጃኬቱን አውልቆ፣ ሳያይ፣ የደረጃው መደገፊያ ጫፍ ላይ ሰቀለው።

መርፌ አየችው። ከዚያ መሃል ላይ ቆመች።

«ይህን ቤት አራታችሁም ነገራችሁኝ» አለች። «አንዷ ይበርዳል አለችኝ። ጋሼ ልክ ነው አሉኝ። እርስዎ ቀዝቀዝ ያለ ነው አሉኝ። አንተ ምድጃ ነው አልከኝ። ማንም አልዋሸም። ቤቱ ሁልጊዜ እንደዚያ ይመስላችሁ ነበር፤ እዚያ ላይ ግን ሁላችሁም ተሳስታችኋል። ቤቱ እናንተን እያየ ነበር የሚለወጠው።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው?» አሉ የባል እህት።

«ባልቴቷ ብቻቸውን ሲሆኑ በኮት ይቀመጣሉ፤ ለራሳቸው አያሞቁም። እንግዳ ሲመጣ ግን እንግዳው የሚወደውን ያውቃሉ። ድሮ በማዞሪያው ነበር። ሰኞ አዲሱ ሲመጣ ሁሉንም ለነጩ ዕቃ አስተማሩት። ማክሰኞ ሃያ አንድ፤ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። እሁድ አሥራ ስምንት።»

የባል እህት ማራገባቸውን አቆሙ። «እሁድ? እኔ እኮ መሄድ ከተውኩ…»

«ቢሆንም በየሳምንቱ እንዲደግመው አዘዋል።»

 ከግድግዳው ውስጥ የማሞቂያው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ሐሙስ ደግሞ» አለች መርፌ፣ «ከቀትር እስከ ምሽት ሃያ ስድስት። ምሽት ላይ ወደ አሥራ አራት ይመለሳል፤ ዓርብ ጠዋት ቤቱን እንደ ጉድጓድ ያገኘነው ለዚህ ነው። እሳቸው ግን በሙቀቱ ሰዓት ኮታቸውን አጥፈው፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ጉትቻ አድርገው ነበር። ፎቅ ላይ አንሶላ ተቀይሯል። ይህች ሴት ብትመጣ ኖሮ በኮታቸው ነበር የሚቀበሏት፤ ዘወትር እንደሚያደርጉት። ሐሙስ የሚጠበቅ ሰው ነበረ። ሃያ ስድስት ዲግሪ የሚወድ ሰው። በሩንም ራሳቸው ከፈቱለት።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ በረዶ ዞሩ።

«ጠብቃኝ ይሆናል» አለ። «አልመጣሁም። ብቅ እላለሁ ብዬ ቀረሁ። ይህም ወንጀል ነው?»

«ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?»

«የቱን ቁጥር?»

«ሃያ ስድስት ላይ ትሰቅለዋለች ብለኸኛል። ድሮ የነበረው ማዞሪያ ቁጥር ነበረው?»

«አልነበረውም!» አለች ሠራተኛዋ ከግድግዳው።

«ይሄኛው ሰኞ ነው የተሰቀለው። አንተ በጋው ከወጣ አልመጣሁም ትላለህ።»

«በስልክ… በስልክ ነግራኛለች።»

«ቀይ መሆኑንም? ዓይን እንደሚወጋም?» ድምፅዋን አላነሣችም። «ቁጥሩ የሚቀላው ቤቱ ሲሞቅ ብቻ ነው። እዚህ የምትሠራው ተመላላሿ ሴት እንኳ ሲቀላ አላየችውም። ከሐሙስ በፊት ሲቀላ የታየው ማክሰኞ ነው፣ ያኔም ሃያ አንድ ላይ ነበር። አይደለም ጋሼ?»

«ሃያ አንድ» አሉ ሰዓት ጠጋኙ። «በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ከዛሬ በፊት ይህ ቤት ቀይ ሃያ ስድስት ያየው አንድ ቀን ነው። ያን ቀን እዚህ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዳቸው ሞተዋል።»

በረዶ ጃኬቱን ከመደገፊያው ሊያነሣ እጁን ዘረጋ፤ ግን እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ልሰናበታት ነበር የመጣሁት» አለ። «ሩቅ አገር ሥራ አግኝቻለሁ። አልመለስም። በስልክ መንገር ከበደኝ። እሷ ግን ሳትሰማኝ ‹ና ላሳይህ› ብላ ወደ ላይ ወጣች። የድሮ ክፍሌን አሰናድታዋለች። ‹ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ታድራለህ› አለችኝ። ነገርኳት። ደረጃው አናት ላይ እጅጌዬን ያዘችኝ። ‹ራት ብቻ ብላ፣ ከዚያ ትሄዳለህ።› አለቀቀችኝም። እኔ… ክንዷን ይዤ አስለቀቅኩ። ከአያያዟ መውጣት ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«ከዚያስ?» አለች መርፌ።

«ጠራኋት። አልመለሰችልኝም።»

«ሐኪም አልጠራህም።»

«አልጠራሁም።»

«ይህች ሴት ልትታሰርልህ ስትል ሰምተህ ወደ ሥጋህ ተመለስክ።»

 ሳጅኑ ክንዱን ይዞ አስነሣው።

የባል እህት ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ሰዓት ጠጋኙ ሠራተኛዋ ፊት ቆም ብለው ትከሻዋን ነካ አድርገው ሄዱ። መርፌ ለአለቃዋ ደውላ ስሙን ነገረችው።

ስትመለስ ሠራተኛዋ ነጩ ዕቃ ፊት ቆማለች።

«ለኔስ ስንት ነበር?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች።

መዋሸት ቀላል ነበር። «አልነበረም» አለች መርፌ። «አንቺ በምትመጪባቸው ቀናት አሥራ አራት ነው።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ የሆነ ሒሳብ እንደገባው ሰው።

«እኔ መቼ እንግዳ ሆንኩና!» አለች። «ለነሱ ጉትቻ፣ ለነሱ ቀሚስ። እኔ ስገባ ከብርድ ልብሳቸው አይነሡም። ‹መጣሽ?› ነው የሚሉኝ፣ በቃ። እንደ ቤት ሰው።»

«አሁን መሄድ ትችያለሽ» አለች መርፌ። «ማንም አይወስድሽም።»

«እሺ» አለች ሴትየዋ። አልሄደችም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ለራሷና ለልጆቿ ስትፈራ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበራትም። አሁን ፍርሃቱ ለቀቃት። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና «እትዬ» አለች፤ አንዴ ብቻ፣ ከሌላ ክፍል እንደሚጣራ ሰው። ከዚያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

መርፌ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። በመጨረሻ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ለባልቴቷ ሰው ሲያለቅስ ያ የመጀመሪያው ነበር።