ወረቀቱ የማይከፍለው ሞት

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት፣ መገርሳን ኮልፌ ጋጣው ውስጥ በቅሎው እግር ሥር ሞቶ ወድቆ አገኙት። ግንባሩ ተፈርክሷል። አስኮ ለሚሠራው መንገድ ድንጋይ የሚያመላልስ፣ አፉ የማይዋሽ ሰው ነበር።

እማማ አየለች ሲደርሱ እንደ ወትሮው በርጩማ ለቀቁላቸው። ሳያማክራቸው ልጁን የሚድር የለም፤ ፊደል አለመቁጠራቸውን ደፍሮ የሚያነሳም የለም። አልተቀመጡም።

ቀለመወርቅ ቀድሟቸዋል። የጣሊያን ካምፕ ጸሐፊ ነው። በየወሩ ሊሬ እየሰበሰበ፣ «ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ እንከፍላለን» እያለ መንደሩን ሁሉ ወረቀት ላይ አውራ ጣት ያስነካ እሱ ነው። ወረቀቶቹን ሣጥን ላይ ዘርግቶ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ጭኖባቸዋል።

«በቅሎዋ ረግጣው ነው» አለ። «የገዛ ከብቱ ለገደለው ደግሞ ወረቀቱ አይከፍልም።»

የሟቹ ሚስት ጉዲቱ ቀና አለች። «ሦስት ልጅ ይዤ?»

«ተጽፏል እኮ፣ እህቴ።»

እማማ አየለች ቁስሉን አዩ፤ የበቅሎዋንም እግር አንስተው አዩ። ከዚያ ወደ ሟቹ ወንድም ዞሩ።

«ዳባ፣ በዚች በቅሎ ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እንሽጣት ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ወረቀቱ ከብት የገደለው አይከፈልም የሚል እንዳለበት ታውቅ ነበር?»

«የት አንብቤ?»

«ማናችን አነበብን?» አለች ጉዲቱ። «ጥሩ ወረቀት ነው ያሉን እርስዎ ነዎት።»

እማማ አየለች ጭቃ ሹሙን ባሻ ዱባለን አስጠሩና ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ።

«ይቺ የሐበሻ በቅሎ ናት፣ ኮቴዋ ባዶ። ግንባሩ ላይ ያለው ግን የኮቴ ብረት ምልክት ነው፣ ከነምስማሩ። ብረት የሚመታለት የጣሊያን በቅሎ ነው፤ በቅሎ ሁሉ ብረት ያለው የሚመስለው ካምፕ የሚውል ሰው ነው። ገዳዩ ሬሳውን ጋጣ ውስጥ የጣለው ደግሞ ወረቀቱ የትኛውን ሞት እንደማይከፍል ስለሚያውቅ ነው። እዚህ ካለነው ያንን የሚያውቅ ስንት ነው?»

ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ቀለመወርቅ፣ ወረቀትህ ላይ የምትጭነው የበቅሎ ኮቴ ብረት ነበር። እኔንም ያስፈረምከኝ እሱን ጭነህበት ነው። ዛሬ ድንጋይ ምን አመጣው?»

«ጠፋብኛ። በየወሩ የሚከፍለኝን ሰው ለምን ልግደል?»

«መገርሳ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አስነብቦ ነበር። ሰው የሚሞትበትን ሁሉ እየቆጠረ አይከፈልም እንደሚል ሰምቶ፣ ዛሬ ለመንደሩ ሊናገር ነበር።»

ቀለመወርቅ ፈገግ አለ። «እኔ ይህን በምን አውቄ? ማን ነገረኝ? ይንገሯቸው እንጂ፣ እማማ።»

ባሻ ዱባለ ዞሮ አያቸው። ዝም ቢሉ ሰውየው ማምለጡ ነው። ቢናገሩ ደግሞ እሳቸው አለቁ።

«እኔ ነኝ የነገርኩህ» አሉ። «ያነበብክልኝ ሁሉ የገባኝ መስዬ ሰው አስፈረምኩ። መገርሳ ትናንት መጥቶ ጉዱን ቢነግረኝ፣ ሳልዋረድ አስተካክለው ብዬ አንተ ዘንድ ሮጥኩ።»

ባሻ ዱባለ የቀለመወርቅን እጅ የፊጥኝ አሰረ። «ለካምፑ የምመልሰውን እኔ አውቃለሁ» አለ።

ጉዲቱ ወደ አሮጊቷ ቀረበች።

«መገርሳ ለማንም አይንገሩ አላለዎትም?»

«ብሎኛል።»

ጉዲቱ በርጩማውን አንስታ ይዛው ቤት ገባች። እማማ አየለች አስከሬኑ እስኪወጣ ድረስ ቆመው ዋሉ፤ ተቀመጡ ያላቸው ሰው አልነበረም።