ጉንዳንና ትልቁ ሞተር

«ቀለሙ ነው ባክህ!» አለ የክብሪት ወንድም እየሳቀ። «እህቴ እንደ ጁስ በጥብጣ ነው የቀባችው። ቀለም ሲቀጥን ይሰነጠቃል፤ ምን ታደርገዋለህ?»

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ጓደኞቹ ሳቁ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ሞተርሳይክሏ ላይ ያለውን ስንጥቅ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር ጫር አደረገና፣ «ክብሪት፣ ለሚቀጥለው ስኳር ጨምሪበት» አላት።

ክብሪት አልሳቀችም። ክብሪት እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ገና ጫር ሲያደርጓት ስለምትነድ ቤተሰቡ ያወጣላት ቅጽል ነው። ዛሬ ግን ቦግ አላለችም። እንደ እርጥብ እንጨት ውስጥ ውስጡን ነበር የምትጨሰው፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ነው።

ስንጥቁ ከፀጉር አይወፍርም። ከመሪው ሥር ተነሥቶ በሞተሩ ፊት ለፊት ቁልቁል በሚወርደው ቱቦ ላይ ነው ያለው። እሷ በዚያ ቱቦ ላይ በተርታ የሚጓዙ ጥቃቅን ጥቁር ጉንዳኖች ሥላ ነበር። ስንጥቁ አንደኛዋን ወገቧ ላይ ለሁለት ቆርጧታል። ከጥቂት ቀናት በፊትም እዚሁ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ፣ «እውነትም ጥፋቱ የኔ ይሆናል» ብላ ላይ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ፣ ቀለም ደርባ፣ በደንብ አድርቃ፣ ጉንዳኗን እንደገና ሥላት ነበር። ይኸው ተመልሶ መጣ።

«ቀለሙ ቢሆን ሌላውም ቦታ ይሰነጠቅ ነበር» አለች።

«በቃ፣ አታካብጂ።»

«አላካበድኩም። ሁሉንም የቀባሁት ከአንድ ቆርቆሮ ነው። ታዲያ ለምን እዚህ ጋ ብቻ?»

«አቦ ክብሪት! ሰው ፊት አታድርቂኝ። እማን ላደርስ ነው፤ ልብሷን እየቀየረች ነው።»

«ቱርቦ፣ ልጅቷ መካኒክ ሆነችብህ እኮ!» አለ ስኳር ጨምሪበት ያለው። ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ ቱርቦ ነው የሚለው። ቱርቦም ከጓደኞቹ ጋር አብሮ ሳቀ። ክብሪትን ያቃጠላት የጓደኞቹ ሙድ መያዝ አልነበረም። እነሱማ ባዳ ናቸው። የእሱ አብሮ መሳቅ ነው።

የቀለም ቆርቆሮዋንና የመሣሪያ ፌስታሏን አንሥታ ከግቢው ወጣች።

*

ጉንዳን የሞተርሳይክሏ ስም ነው። ትንሽ ሆና ከአቅሟ በላይ ስለምትሸከም ስሙን ያወጣችላት እናታቸው ናት። እናት ከዳገቱ ማዶ ባለው ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ዳገቱን በእግሯ እንዳትወጣ ቱርቦ በጉንዳን ያደርሳት ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ የጉንዳን ሞተር አንድ ሰው ችሎ ሁለተኛውን አይችልም። ዳገቱ መሃል ስትደርስ ታቃስታለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ እናት ትወርድና በእግሯ ትቀጥላለች። ቱርቦ በአንደኛ ማርሽ ከጎኗ እየተንፏቀቀ ይከተላታል።

«እናታችን፣ እርስዎ ቢያዝሉት አይሻልም?» ይሏት ነበር ዳገቱ ላይ ያሉት ባለሱቆች።

እናት ትስቅ ነበር። ቱርቦ አይስቅም ነበር። አንድ ቀን ጉልበቷ አብጦ ስትመጣ፣ ውሃ አሙቆ እግሯን እየዘፈዘፈ፣ «ያንን ዳገት ሁለተኛ በእግርሽ ብትወጪው እኔ ልጅሽ አይደለሁም» ብሎ ማለ። ክብሪት በሩ ላይ ቆማ ሰምታዋለች። ያን ቀን ወንድሟን እንደወደደችው ማንንም ወዳ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ከአንድ የተጋጨ ትልቅ ሞተርሳይክል የተፈታ ሞተር ይዞ የመጣው፤ የጉንዳንን እጥፍ ጉልበት ያለው። ሁለቱ ወንድምና እህት እጃቸው በግራሶ ጠቁሮ አብረው ፈቱ፣ አብረው ገጠሙ። አዲሱ ሞተር ግን ቁመቱ አልፎ ከፊቱ ያለውን ቱቦ ተደገፈው። ስለዚህ ቱቦው ተቆርጦ፣ ቦታ እንዲሰጥ ተደርጎ፣ በሌላ ብረት ተቀጠለ። የሰፈሩ በያጅ በየደው። የተበየደበት ቦታ እንደ ቁስል ጠባሳ አብጦ ቀረ።

ክብሪት ብሩሽ ይዛ እብጠቱን ስታየው ፊቷ ጨፈገገ። «ይሄ ቡግር ላይማ አልቀባም! ጉንዳኖቼ ሊሰናከሉበት ነው? ሞርድልኝ።»

ቱርቦ ትንሽ አመንትቶ ነበር። አሁን ስታስበው፣ አመንትቷል።

«በያጁ ይቻላል ብሏል?» ብላ ጠይቃዋለች።

«ብሏል። ችግር የለውም ብሏል።»

በግራይንደር ሞርዶ ሞርዶ ቱቦውን እንደ መስተዋት አደረገላት። እሷም ቀባችው። እያንዳንዷ ጉንዳን የየራሷን ጭነት እንድትሸከም አደረገች፤ አንዷ ቅጠል፣ አንዷ ፍሬ፣ አንዷ መፍቻ። የመጨረሻዋ የክብሪትን እናት ቡናማ ቦርሳ ተሸክማለች። ጉንዳን በትልቁ ሞተር ዳገቱን በወጣች ቀን እናት ከኋላ ተቀምጣ ለባለሱቆቹ እንደ ባለሥልጣን እጇን እያውለበለበች ነበር ያለፈችው። ማታ ላይ ጉንዳኖቹን በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ አየቻቸው። ቦርሳዋን ስታገኝ የክብሪትን ጭንቅላት ይዛ ግንባሯን ሳመቻት።

*

በያጁ የብረት በሮች ስለሚሠራና ራሱ ስለሚቀባቸው ቀለም ያውቃል። ክብሪት ወደ እሱ የሄደችው ምስክር ፍለጋ ነበር። ቀለሙ ደህና ነው ይበላትና፣ ተመልሳ ያንን ወሬ እዚያው ከሳቁት ሰዎች ፊት ልታፈርጠው።

«አንቺ ልጅ፣ እሳቱን አትዪው!» ብሎ ጮኸባት ገና በሩ ላይ ስትደርስ። ፊቷን አዙራ ጠበቀች። ብልጭታው ሲቆም በያጁ የፊት መከለያውን ወደ ላይ ገለበጠ።

«ጋሼ፣ ይሄን ቀለም ይዩልኝ። ቀጥኗል?»

በእንጨት አማስሎ ወደ ላይ አንሥቶ አንጠባጠበው። «ማን አስተማረሽ? ምንም አልቀጠነም። ከኔ ሠራተኛ ትሻያለሽ።»

ክብሪት በደስታ እዚያው ልትበር ምንም አልቀራት። «ታዲያ ለምን ይሰነጠቃል?»

«የቱ ጋ ነው የተሰነጠቀው?»

«እርስዎ የበየዱልን ቱቦ ላይ።»

«እብጠቱ ላይ ነው ወይስ ከጎኑ?»

«እብጠትማ የለውም። ተሞርዷል።»

በያጁ እንጨቱን ቆርቆሮው ውስጥ መልሶ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው። «ማን ሞረደው?»

«ወንድሜ። እርስዎ ችግር የለውም ብለዋል ብሎ ነው እኮ...»

«እኔ?» ድምፁ በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አስተጋባ። «እኔ ነኝ ችግር የለውም ያልኩት? እዚህ በር ላይ ቆሜ፣ መልኩ ቢያስጠላህም እንዳትነካው፣ ብረቱን የያዘው እሱ ነው ብዬዋለሁ! ያ ሞተር ለዚያ ሻንሲ ሲጀመርም ከባድ ነው። ሲነሣ ያንቀጠቅጠዋል። ቀለም አይደለም የተሰነጠቀው፤ ብረቱ ነው። ብረቱ ሲከፈት ቀለምሽም አብሮ ተከፈተ። ለመሆኑ የቱ ጅል ነው ሞርደው ያለው?»

ክብሪት የቀለም ቆርቆሮዋን አንሥታ ደረቷ ላይ አስደገፈች።

«ሰው ጭኖበታል?» አለ በያጁ።

«እናታችንን።»

ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። «ሂጂ! ሩጪ! ቁልቁል ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ ያኔ ነው የሚለቀው። እንዳይነዳት። እየገፋችሁ አምጡልኝ።»

ሮጠች። ቆርቆሮው እጇ ላይ እየተላተመ ቀለም እግሯ ላይ ይረጫል። «ችግር የለውም ብሏል።» ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከእግሯ ጋር እኩል ትሮጣለች። ውሸታም! እናቴን፣ እናታችንን! ከእሷ ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፤ የራሷ ድምፅ ነው፤ «ሞርድልኝ» የሚል። በየትኛው ይበልጥ እንደተናደደች ማወቅ አልቻለችም።

*

ግቢው ስትደርስ ሞተሩ ተነሥቶ ይንደቀደቃል። እናት ሄልሜቷን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀምጣለች። ጓደኞቹ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ክብሪት ቆርቆሮውንና ፌስታሉን መሬት ላይ ጥላ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አጥፋው።»

«ምን ሆነሻል?»

«በያጁ ጋ ሄጄ ነበር።»

የቱርቦ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ እዚያው ደረቀ። ወደ ጆሮዋ ዘንበል አለ። «ዝም በይ። አድርሻት ስመለስ አየዋለሁ። አታስደንግጫት።»

«ታውቅ ነበር።»

«አላውቅም። ጠርጥሬ ነበር።»

«ጠርጥረህ ነው እንደ ጁስ በጥብጣ ቀባችው ያልከው?»

«ምን ልበል ታዲያ?» አለ በሹክሹክታ። «ስንት ነገር ለፍቼ... እንደገና በእግሯ ልስደዳት? ያንን ዳገት?»

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አለች እናት ከኋላ። «ረፍዶብኛል እኮ ልጆች።»

«ምንም አይደል እማ። የቀለም ነገር ነው። ጉንዳኖቿ ተሰነጠቁ ብላ ነው የተቆጣችው።»

ጉንዳኖቿ።

ልትጮህበት ነበር። ከጮኸች ምን እንደሚሆን ግን ታውቃለች። «ይኸው ክብሪት ነደደች» ይባላል። ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ እናት «ተይ የኔ ልጅ፣ ስመለስ ትነግሪኛለሽ» ትላለች፤ ጉንዳንም ከግቢው ትወጣለች። የእሷን ጩኸት ሁሉም ለምዶታል።

ስለዚህ አልጮኸችም። መሬት ላይ ከጣለችው ፌስታል ውስጥ መፋቂያዋን አወጣች፤ ከፊት ጎማው አጠገብ ተንበረከከች፤ ቱቦውን ትፍቅ ጀመር።

«ምነው! ምን ነካሽ?» እናት ደነገጠች። «እነዚያን የመሰሉ ጉንዳኖች!»

ክብሪት ቀና አላለችም። ቅጠል የተሸከመችው ሄደች። ፍሬ የያዘችው ሄደች። መፍቻ ያዘለችው ተልጣ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። ቡናማዋን ቦርሳ የያዘችው ጋ ስትደርስ እጇ ቆም አለ፤ ከዚያ እሷንም ፋቀቻት። በብርጭቆ ወረቀት ደጋግማ አሸችው። ቀለሙ አልቆ ባዶ ብረት ወጣ። ስንጥቁ የቀለም ቢሆን ኖሮ ከቀለሙ ጋር ይሄድ ነበር። አልሄደም። ብረቱ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ቱቦውን ግማሽ ዞሮታል። ሞተሩ በተንደቀደቀ ቁጥር መስመሩ እንደ ከንፈር ገርበብ ይልና ይገጥማል።

ጓደኞቹ ተጠግተው አዩ። ስኳር ጨምሪበት ያለው አውራ ጣቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ቱርቦ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጠፋ።

«ሞርደው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ክብሪት ለእናቷ፣ እንደተንበረከከች። «እንዲያምርልኝ ብዬ። ችግር የለውም ያለኝ ደግሞ እሱ ነው። በያጁ እንዳትነካው ብሎት ነበር።»

እናት ቀስ ብላ ወረደች። ሄልሜቷን ፈትታ መሪው ላይ ሰቀለችው። ጎንበስ ብላ ባዶውን ብረት ለረጅም ጊዜ አየችው።

«በዚህ ነው ያንን ቁልቁለት ስታወርደኝ የሰነበትከው?»

«እማ፣ ዳገቱን እንዳትወጪ ብዬ እኮ...»

«ዳገቱ መቼ ገደለኝ?» አለች።

ቱርቦ አንገቱን ደፋ። ጆሮው ቀልቷል። ክብሪት ልታዝንለት ነበር፤ አልሆነላትም። ገና ያ ሳቁ ጆሮዋ ላይ ነበር።

ተነሥታ የእናቷን ቦርሳ ተቀበለቻትና ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። «ላድርስሽ» አለች።

«በምን?» አለች እናት፣ ሳቅ በሚመስል ነገር። «አንቺ ደግሞ ስንት ማርሽ አለሽ?»

አብረው ወጡ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ከኋላቸው የጎማ ድምፅ ተሰማ። ቱርቦ ነው፤ ጉንዳንን በእጁ እየገፋ ወደ በያጁ ይወስዳታል። ጓደኞቹ ከኋላ ሆነው ያግዙታል። መንገዱ ወደሚለያይበት ሲደርስ ቆመ።

«ክብሪት!» ብሎ ተጣራ። «ቀለም ተርፎሻል?»

እናት ዞር ብላ አየችው። ክብሪት አልዞረችም። ባለሱቆቹ ከላይ ሆነው እያዩአቸው ነው፤ አሁን የሚሉትንም ታውቀዋለች።

«ተበይዶ ሲያልቅ እብጠቱን ሳትነካው አምጣልኝ» አለች ጮክ ብላ፤ ቦርሳውንም ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛውራ ዳገቱን ጀመረች።