ከአቦ እስከ ገብርኤል

«ይህን ጨርቅ ማን ፈታው?»

ጋሽ ይኸነው ድምፃቸውን አላነሡም። ከሦስተኛው የበቆሎ ክምር አጠገብ ቆመው ቀይ የጨርቅ ቁራጭ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለዋል። ማናለብሽ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል መለሰችላቸው። የፈቱት ጫኞቹ ናቸው፤ ያዘዘቻቸውም እሷ ናት። የክምሩ ጊዜ አልቋል፤ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ከትናንት ጀምሮ አረንጓዴ አድርጎታል።

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«አሥራ ሦስት።»

«መድኃኒቱን ያስገባሁት ለአቦ ነው። የሚወጣው ለገብርኤል ነው ብየሽ ነበር። ገብርኤል መጥቶ ሄደ እንዴ፣ ልጄ?»

የማናለብሽ እጅ ማውሱ ላይ ቀረ።

ጋሽ ይኸነው በዳንግላው መጋዘን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። የነቀዝ መድኃኒቱን ክኒን በጨርቅ ጠቅልለው በየጆንያው ይከታሉ፤ ክምሩን በሸራ ያለብሳሉ፤ ከላዩ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ። ጨርቁ እስኪፈታ ድረስ ከዚያ ክምር እህል አይወጣም፤ አጠገቡም ሰው አይተኛም። ቀኑን የሚይዙት በታቦት ነው። ከአቦ እስከ ገብርኤል ዐሥራ አራት ቀን፤ ጋዙም በዐሥራ አራት ቀን ተንኖ ያልቃል። አንድ ጫኝ ከክምር ሥር ጋደም ብሎ በዚያው እንደ ቀረ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ይመስላል ብለዋት ነበር።

ዘንድሮ የመጋዘኑ ባለቤት፣ አባቷ አየነው፣ የሒሳብ ፕሮግራም ገዛ። የጫነው የአክስቷ ልጅ ፀጋው ነው፤ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ገቢውን፣ ወጪውንና ሽያጩን የምትመዘግበው ደግሞ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ማናለብሽ ሆነች። አባቷ በደንበኞቹ ፊት «የሒሳብ ሹሜ» እያለ ይጠራታል። አሁን አሁን ክምሩን ሄዶ ማየት ትቷል፤ ባለበት ሆኖ ይደውልላታል። ዛሬም ከእንጅባራ ደውሎ ሦስተኛው ደርሷል ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። አረንጓዴውን አይታ ደርሷል አለችው።

መዝገቡን ከፈተች። የመድኃኒት ቀን፣ አምስት። በእጇ የጻፈችው ቁጥር ነው። ከጎኑ ያለውን ወር ግን ፕሮግራሙ ራሱ ሞልቶታል፤ የፈረንጆቹን ወር፣ ፌብሩዋሪን። የፈረንጆቹ አምስት ከየካቲት አቦ በሰባት ቀን ይቀድማል። ክኒኑ ገና ካልገባበት ቀን ጀምሮ ቆጥሯል። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የነገረችውን ነው የቆጠረው።

«ስንት ወጣ?» አሉ ጋሽ ይኸነው።

«ሁለት ጆንያ።» ስሙን ከመዝገቡ አነበበች። «ዛሬ ጠዋት የገዙት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው።»

እትዬ ወርቅነሽ በትምህርት ቤት ከማናለብሽ ጎን የምትቀመጠዋ የእመቤት እናት ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም። እህል የሚቀመጠው ከአልጋው ግርጌ ነው። ማናለብሽና እመቤት ስንት ቀን በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሒሳብ ሠርተዋል! በሩ ሲዘጋ ቤቱ እንደ ሣጥን ይጨልማል።

ለእመቤት ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ከዚያ፣ ሌላ የምትደውልለት ሰው ስላጣች፣ ፀጋው ጋ ደወለች።

ፀጋው እስከ መጨረሻው ሰማት። አባቷ ካወቀ ፕሮግራሙን አውጥቶ እንደሚጥለው፣ ፕሮግራሙን ሊገዙት የነበሩት ሌሎች ሦስት ነጋዴዎችም ፊታቸውን እንደሚያዞሩበት ነገራት።

«አታካብጂው ባክሽ» አላት። «ቀኑን አስተካክይ። ሽያጩን ከአራተኛው ክምር የወጣ አድርጊውና ሴቭ በይው። ማን ያያል?»

«ሰዎቹስ?»

«በር ከፈት አርገው ካደሩ ይተናል።»

«ይተናል ያለህ ማነው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

የማውሱ ቀስት ቀኑ ላይ ቆሟል። ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነው የሚፈልገው። ከዚያ አባቷ እንደ ትናንቱ «የሒሳብ ሹሜ» ይላታል፤ የአየነው እህል መርዝ ነው የሚል ወሬም በገበያው አይነሣም። ነገር ግን ጆንያዎቹ ከአራተኛው ክምር ወጡ ተብሎ ከተጻፈ፣ ወደ ወርቅነሽ ቤት የሚሄድበት ምክንያት ያለው ሰው በዓለም ላይ አይኖርም።

ጣቷን አነሣች።

ጋሽ ይኸነው ከደጅ ጋሪ አስቁመዋል። ቀዩን ጨርቅ በእጇ አስጨበጧት፤ ከኪሳቸውም ሌላ ጨመሩላት።

«መጀመሪያ ሰው ነው የምታወጭው። ጆንያው ኋላ ነው። ትንፋሽሽን ያዥ፤ ከውስጥ አትቆይ። እኔ ይህን ክምር መልሼ ላልብሰው።» ሸራውን እየጎተቱ በአዊኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ነፋሱ መቀዝቀዝ ጀምሯል፤ ከጋሪው ላይ ሆና በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች በራቸውን ሲዘጉ ታያለች። የእነ እመቤት በርም ተዘግቶ ይሆናል። ባለጋሪው ፈረሱን ምን ያህል ሊያስሮጥ እንደሚችል ጠየቀችው።

«ሠርግ ነው እንዴ የረፈደብሽ?» አላት። ፊቷን አየና አለንጋውን አነሣ።

የወርቅነሽ በር ዝግ ነበር። አንኳኳች። የከፈተ ሰው የለም። በመዳፏ ደበደበችው። ብዙ ቆይቶ እመቤት ከፈተች፤ በአንድ እጇ ግንባሯን ይዛለች።

«እናቴ ገበያ ናት» አለች። «ራሴን ሲፈልጠኝ ዋለ። ወንድሜ ደረሰም አስመልሶት ተኛ።»

ከኋላዋ የወጣው አየር ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

ደረሰ የእመቤት ታናሽ ወንድም ነው፤ አምስት ዓመቱ። ከጆንያዎቹ ላይ፣ ጉንጩን ከስፌቱ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ማናለብሽ ትንፋሽዋን ይዛ ገባች። ስታነሣው አንገቱ ወደ ኋላ ዘንበል አለ። ከአልጋው እስከ ደጁ አራት እርምጃ ነው፤ አራቱንም ቆጠረቻቸው። ደጅ ላይ ነፋሱ ሲነካው ዐይኑን ገለጠ፤ ትከሻዋ ላይ አስመለሰው፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ።

ሁለቱንም ጋሪው ላይ አወጣቻቸው። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ የነቀዝ መድኃኒት ጋዝ ነው በሉ፤ ጨጓራ ነው እንዳትሉ ብላ ባለጋሪውን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። የደረሰ ልቅሶ ጋሪው እስኪታጠፍ ድረስ ተሰማት።

የጠራቻቸው ሁለት የጎረቤት ጎረምሶች ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ገባ ወጣ እያሉ ጆንያዎቹን ወደ ግቢው ጎተቱ። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዲት ሴት ወርቅነሽን ልትጠራ ወደ ገበያ ሮጠች። ሌላዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ማናለብሽን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«የማን እህል ነው ይኼ?»

«የኛ ነው። የአየነው። ጊዜው ሳይደርስ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ማናለብሽ ከግራ ኪሷ አንዱን ጨርቅ አወጣች። ከመጀመሪያው ጆንያ አፍ ላይ፣ ከመንገድ በሚታይበት በኩል አሰረችው። ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የፀጋው መልእክት ነበር፤ «አስተካከልሽው?» ይላል። መልስ ሳትሰጠው የአባቷን ቁጥር ፈልጋ ደወለች።

ሦስት ጊዜ ጠራ። አባቷ እንደ ልማዱ ሰላምታ ሳያስቀድም፣ ሦስተኛው ክምር ስንት ጆንያ ቀረው ብሎ ጠየቃት።

ስልኩን በጉንጯና በትከሻዋ መሃል ያዘች። ሁለተኛውን ጨርቅ በሁለት እጇ አሰረችና ቋጠሮውን አጠበቀችው፤ ከዚያ ሁሉንም ከአቦ ቀን አንሥታ ትነግረው ጀመር።